የማሩን ንጽሕና ማን ይመስክር? የኬሚካል ቅሪትና የብክለት ቁጥጥር ዳሰሳ

ማር ሲገዛ የራሱ መፈተኛ የሌለው ሰው አይገኝም። አንዱ የክብሪት እንጨት ማሩ ውስጥ ነክሮ ይጭራል፤ ሌላው ጠብታውን አመድ ላይ ጥሎ መጠቅለሉን ወይም መስረጉን ያያል፤ ሌላዋ በማንኪያ አንስታ ክሩ ሳይበጠስ ምን ያህል እንደሚወርድ ትከታተላለች። ሁሉም የሚያሳድዱት ስኳርና ውሃ ነው። ማር ተራ ውስጥ ያለው ጭቅጭቅም፣ በየጊዜው የምንሰማው «ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ማር ተያዘ» የሚል ዜናም ከዚያ አይወጣም። ስኳር የገባበት ማር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ኪስን ነው።

የዚህ ዳሰሳ ጉዳይ ሌላው ነው፤ ጣዕምም ቀለምም የሌለው፣ ክብሪት የማያጋልጠው። እርሻ ላይ የተረጨ ፀረ ተባይ፣ ለንብ በሽታ የተሰጠ አንቲባዮቲክ፣ ከበርሜል ግድግዳ የሟሟ ብረት፣ ከአበባው ከራሱ የመጣ መርዝ። ይህን የሚቆጣጠር ሥርዓት በዓለም ላይ አለ፤ በአገራችንም አለ። የእኛው ግን ፊቱን ወደ ውጭ አገር ገበያ አዙሮ የቆመ ነው። ለአውሮፓ ለሚላከው ጥቂት ማር ናሙና ይወሰዳል፣ ሰነድ ይሞላል። ጠጅ ቤት የሚገባው፣ በየቤቱ የሚበላው፣ ለታመመ ሰው የሚሰጠው ብዙው ማር ግን «የጫካ ማር ነው፣ ምን ይገባበታል» በሚል እምነት ያልፋል። እምነቱ በከፊል እውነት አለው። ችግሩ ያለው በቀረው ክፍል ነው።

አንድ እንክብል

ዓለም ስለ ማር ቅሪት አምርሮ መነጋገር የጀመረው በክሎራምፌኒኮል ሰበብ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። እኛ ዘንድ ለታይፎይድ በእንክብል፣ ለዓይን በጠብታ የሚታወቀው መድኃኒት ነው። የቻይና ንብ አናቢዎች የንብ እጭ የሚያበሰብሰውን የባክቴሪያ በሽታ ለመከላከል ይህንኑ መድኃኒት ለንቦቻቸው ሰጡ፤ ቅሪቱ ማሩ ውስጥ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2002 የአውሮፓ ኅብረት ከቻይና የሚገቡ የእንስሳት ውጤቶችን ሲያግድ ማርም አብሮ ታገደ፤ የማሩ እገዳ የተነሣው በ2004 ነው። ሕንድም ከ2010 እስከ 2011 ድረስ በቅሪት ቁጥጥሯ ድክመት ምክንያት ከገበያው ወጥታ ቆይታለች።

ለምን ይህን ያህል ተከፋ? ክሎራምፌኒኮል በጥቂት ሰዎች ላይ የአጥንት መቅኔ ደም ማምረት እንዲያቆም ያደርጋል፤ ይህን ጉዳት የሚያመጣው ትንሹ መጠን ስንት እንደሆነም ሳይንስ መስመር ሊያሰምርለት አልቻለም። ስለዚህ ምግብ በሚሰጡ እንስሳት ላይ ጨርሶ ተከለከለ። «ጨርሶ» የሚለው ቃል ቤተ ሙከራ ሲደርስ ግን ቁጥር ይሆናል፤ መሣሪያው ሊያይ የሚችለው ትንሹ መጠን ነው ወሰኑ። አውሮፓ ውስጥ ለዓመታት በኪሎ ግራም 0.3 ማይክሮግራም ነበር፤ ከኖቬምበር 2022 ወዲህ 0.15 ሆኗል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስላት ቀላል ነው። አንድ ባለ 250 ሚሊግራም እንክብል ተፈጭቶ በእኩል ቢበተን ከ1 ሺህ 600 ቶን በላይ ማር እዚያ ወሰን ላይ ለማድረስ ይበቃል።

ይህ ስሌት ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው፣ ወሰን ያለፈ ማር ሁሉ የሚመርዝ ማር አይደለም፤ ቁጥሩ የሕግና የመሣሪያ ወሰን ነው። ሁለተኛው፣ ጥፋት ያለ አጥፊ ሊገኝ ይችላል። ክሎራምፌኒኮልን ቀድሞውኑ የሚሠራው አፈር ውስጥ የሚኖር ስትሬፕቶማይሰስ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ ሣርና ዕፅዋት ላይ ማንም ሳይረጨው ጥቂት ሊገኝ እንደሚችል ታውቋል። ናይትሮፉራን የተባሉት የተከለከሉ መድኃኒቶችም ተመሳሳይ ታሪክ አላቸው። ከእነርሱ የአንዱ ምልክት ተብሎ የሚፈለገው ሴሚካርባዛይድ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በተደረጉ ምርመራዎች ግን የመስታወት ጠርሙስ ክዳን ውስጥ ካለው የፕላስቲክ ማሸጊያ ወደ ምግብ እንደሚገባ ታወቀ። አናቢው ሲከሰስ ጥፋተኛው ክዳኑ ነበር። አውሮፓም በ2005 ያንን የክዳን ኬሚካል ከለከለች።

የአገሮች ሕግ አለመመሳሰልም ላኪውን ግራ ያጋባል። አሜሪካ ለንብ በሽታ ኦክሲቴትራሳይክሊንና ታይሎሲን ትፈቅዳለች፤ አውሮፓ ግን በማር ውስጥ ለአንቲባዮቲክ የተፈቀደ ወሰን የላትም። ቫሯ ለሚባለው የንብ ጥገኛ ተባይ መድኃኒት ሲሆን ደግሞ አውሮፓም ትለሳለሳለች፤ ለአሚትራዝ በኪሎ 200፣ ለኩማፎስ 100 ማይክሮግራም ትፈቅዳለች። እንደ ኩማፎስ ያሉት መድኃኒቶች በስብ የሚሟሙ በመሆናቸው ከማሩ ይልቅ የሚከማቹት ሰፈፉ ውስጥ ነው። ሰፈፉ ቀልጦ፣ ታትሞ ወደ ቀፎ ሲመለስ ቅሪቱም አብሮ ይመለሳል፤ በየዓመቱም ይጨመርበታል።

እዚህ ላይ የእኛ አናቢ የሚኮራበት ነገር አለው። አብዛኛው ቀፎ አሁንም ከሸምበቆ፣ ከጭቃና ከእበት የሚሠራው ባህላዊ ቀፎ ነው፤ ለንብ መድኃኒት መስጠት ልማድ አይደለም። ቫሯ ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ውስጥ አገራችን ውስጥ መኖሩ ቢረጋገጥም የአገራችን ንብ ሳትታከም እየቻለችው ነው። ስለ አንቲባዮቲክ እንግዲህ «የጫካ ማር ነው» የሚለው አባባል ብዙም አይርቅም። ዘመናዊ ቀፎ፣ የተገዛ የሰፈፍ ንጣፍና የመድኃኒት ሻጭ አብረው በተስፋፉበት አካባቢ ግን አባባሉ በልማድ ብቻ አይቆምም፤ መለካት ይፈልጋል።

የጫካው ማርና የማሳው ማር

አባባሉ የሚፈርሰው እርሻ ዳር ነው። ሸካና ካፋ ውስጥ ከትልቅ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ የገተምና የቡና አበባ ይቀስማል፤ በዙሪያው የሚረጭ ነገር ላይኖር ይችላል። ጎጃም ውስጥ ጓሮ የተቀመጠ ቀፎ ግን የሚቀስመው ከኑጉ፣ ከመጩ፣ ከባቄላውና ከስንዴው ማሳ አረም ነው። ንብ ከቀፎዋ ሦስት ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ርቃ ትሠማራለች። አናቢው ራሱ አንዲት ጠብታ ሳይረጭ የጎረቤቱን፣ የጎረቤቱን ጎረቤት ርጭት ሊሰበስብ ይችላል።

ገበሬው «ቱፎርዲ» የሚለው ፀረ አረም ጤፍና ስንዴ በሚበቅልበት ሁሉ ይረጫል። ንቧን በቀጥታ በመግደል ከብዙዎቹ ፀረ ነፍሳት ያንሳል፤ የሚያጠፋው አበባዋን ነው። መጭ ለገበሬው አረም፣ ለአናቢው የጥቅምት ማር ነው፤ በአንድ ጎጥ ውስጥ ጠብ የሚያስነሣውም ይኸው ነው። ማላታይንና ሌሎቹ ፀረ ነፍሳት ግን ንቧን ራሷን ይመቷታል። በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ሲወርድ በአውሮፕላን ከተረጩት መካከል ማላታይንና ክሎርፒሪፎስ ነበሩ፤ አናቢዎች ንባችን አለቀ ብለው አቤት ያሉትም ያኔ ነው። አንበጣው ሰብሉን ከመብላቱ በፊት መርጨት ግድ ነበር፤ በዚያ አልከራከርም። ነገር ግን በዚያው እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ አውሮፓ የክሎርፒሪፎስን ፈቃድ ሳታድስ ቀርታ ከገበያዋ አስወጥታው ነበር። አንድ ኬሚካል ሻጭ አገር ላይ ሲረጭ ገዢ አገር ላይ ሲከለከል ማሩ በሁለቱ መካከል ይያዛል፤ አውሮፓ የተለየ ወሰን ላላወጣችለት ፀረ ተባይ የምትሠራበት መነሻ በኪሎ 0.01 ሚሊግራም ብቻ ነውና።

የቆየውም አለ። ዲዲቲ በአዳሚ ቱሉ ፋብሪካ ሲዘጋጅ፣ ለወባ ግድግዳ ላይ ሲረጭ፣ ከዚያም እየሾለከ ጎተራና ጫት ላይ ሲደርስ የኖረ ነው። ለዓመታት አፈር ውስጥ ስለሚቆይ የዛሬ አናቢ የአባቱን ዘመን ርጭት ሊለካበት ይችላል።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነጥብ እዚህ ላይ መነሣት አለበት። የሞተች ንብ ማር አታስገባም። ኃይለኛ መርዝ ያገኛት ንብ ማሳው ላይ ወይም መንገድ ላይ ትወድቃለች፤ ስለዚህ መንጋ ካለቀበት አካባቢ የተቆረጠ ማር ንጹሕ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ማር ውስጥ የሚገባው ቶሎ የማይገድለው፣ ተክሉ በሥሩ ስቦ እስከ ወለላው የሚያደርሰው ዓይነት ነው። ኒዮኒኮቲኖይድ የሚባሉት ፀረ ነፍሳት ለዚህ ዋና ምሳሌ ናቸው። ከስዊዘርላንዱ የኑሻቴል ዩኒቨርሲቲ የተነሡ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ 198 የማር ናሙናዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2017 ሲያሳትሙ ከአራቱ በሦስቱ ውስጥ ቢያንስ አንዱን አግኝተዋል። መጠኑ በአብዛኛው ለሰው ከተቀመጠው ወሰን በታች ነበር፤ ለንቧ ግን ከቁብ የማይገባ አልነበረም። አውሮፓ በ2018 ሦስቱን ከሜዳ ላይ እርሻ ከልክላለች። የማር ምርመራ ስለ ሰው ጤና እንጂ ስለ ንብ ጤና ምስክር መሆን እንደማይችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም፤ አናቢው ስለሞቱበት ንቦች ሲጮኽ «ማሩ ተመርምሮ ነጻ ሆኗል» ብሎ መመለስም መልስ አይሆንም።

ሕጉ ጠፍቶ አይደለም። የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660/2002 እና የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 በአንድ ዓመት ውስጥ ነው የወጡት። የጎደለው ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ነው፤ ቀበሌ ውስጥ «ነገ ጠዋት እዚህ ማሳ ላይ ይረጫል፣ ቀፎህን ዝጋ» የሚል መልእክት የሚያደርስ ሰው። ርጭቱ ንብ ከተመለሰች በኋላ ወደ ማታ ቢደረግ ጉዳቱ በብዙ ይቀንሳል፤ ይህ ወጪ የለውም።

ከዕቃውና ከጭሱ

ማር ኮምጣጣ ነው፤ ጣፋጭነቱ ስለሸፈነው እንጂ አማካይ ፒኤች መጠኑ 4 ገደማ ነው። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ፣ የዛገ በርሜል፣ በብየዳ የተጣበቀ ዕቃ ውስጥ ወራት ሲቆይ ብረቱን ያሟሟል። አውሮፓ በማር ውስጥ ለእርሳስ የሰጠችው ወሰን በኪሎ 0.10 ሚሊግራም ነው። የእኛ ዋና ዕቃ ጀሪካን ነው፤ ጀሪካኑ ቀድሞ ምን ይዞ እንደነበር ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ዘይት ከነበረ ሽታው ይነግራል፤ ፀረ ተባይ ከነበረ ላይነግር ይችላል። በእኔ ግምት ከሁሉም ብክለት በትንሽ ገንዘብ የሚቀረፈው ይህ ነው፤ ሆኖም ሥልጠና ላይ ስለ ዘመናዊ ቀፎ ቀኑን ሙሉ ተወርቶ ስለ ዕቃ የሚወራው ሊመሽ ሲል ነው።

ባህላዊ ቆረጣ ብዙ ጭስ ይፈልጋል፤ የኩበትና የጨርቅ ጭስ ሽታው ማሩ ላይ ይቀራል፣ ከሽታውም ጋር ካንሰር የሚያስከትሉ የጭስ ውህዶች። ሰፈፍ የሚበላውን የእሳት ራት ለመከላከል የሰፈፍ መጋዘን ውስጥ ናፍታሊን ማስቀመጥ ግሪክንና ቱርክን ሲያስቸግር ኖሯል፤ ማሩ የቁም ሣጥን ሽታ ይዞ ይገኛል። የራዲዮአክቲቭ ሲዚየምም ነገር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ122 ናሙናዎች በ68ቱ ውስጥ ከ50ዎቹና ከ60ዎቹ የኒውክሌር ሙከራዎች የቀረ ተገኝቷል፤ መጠኑ ለጤና የማያሰጋ ቢሆንም።

አበባው ራሱ

«ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ማር ላይ እንደሚለጠፍ ሌላ ምግብ ላይ አይለጠፍም። ተፈጥሮ ግን ራሷ ትመርዛለች። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ401 ዓመት በጥቁር ባሕር ዳርቻ ትራብዞን አጠገብ ያለፈ የግሪክ ጦር የሮዶዴንድሮን አበባ ማር በልቶ ሲያስመልሰውና መቆም ሲያቅተው ዜኖፎን ጽፎታል፤ ያ ማር ዛሬም ቱርክ ውስጥ ሰው ሆስፒታል ያስገባል። ኒውዚላንድ ውስጥ ቱቱ ከሚባል ቁጥቋጦ የሚመጣው ቱቲን እ.ኤ.አ. በ2008 ሰዎችን ስለመረዘ ዛሬ በኪሎ 0.7 ሚሊግራም ወሰን ተቀምጦለታል፤ አናቢዎቹ በየአካባቢው መርምረው ነው የሚሸጡት።

ከእነዚህ ሁሉ ለእኛ የሚቀርበው ፓይሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባለው ጉበት የሚጎዳ የዕፅዋት መርዝ ነው። ትግራይ ውስጥ ታሕታይ ቆራሮ ወረዳ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሆድ የሚነፋና የሚገድል የጉበት በሽታ ሕዝቡን ሲፈጅ ምክንያቱ ለዓመታት አልታወቀም ነበር። በመጨረሻ የተገኘው አጄራተም የተባለ አረም ነው፤ ዘሩ ከእህል ጋር ተወቅቶ ይበላ ነበር። እዚያ መንገዱ እህል እንጂ ማር አልነበረም። ነገር ግን ይኸው የመርዝ ቤተሰብ በሌሎች አገሮች ማር ውስጥ በተደጋጋሚ ይለካል፤ ኤኪየም ከሚባል አበባ የሚመጣው የአውስትራሊያ ማር ዋና ምሳሌው ነው። አገሪቱ መፍትሔ ያደረገችው ያንን ማር ብቻውን አዘውትሮ አለመብላትንና ከሌላ ጋር መደባለቅን ነው። በታሕታይ ቆራሮ አንድ አረም ምን እንዳደረሰ ላየች አገር በዚያው አካባቢ የሚቆረጠውን ማር ለዚህ መርዝ መመርመር የመጀመሪያ ሥራዋ መሆን ነበረበት።

ናሙና ሲወሰድ

ከሁሉም በላይ የሚወስነው ከቤተ ሙከራው በፊት ያለው ነው። ናሙና ወሳጁ መጋዘን ይገባል። በርሜሉ ይከፈታል፤ ማሩ ረግቶ ከሆነ ላዩ ፈሳሽ፣ ታቹ ነጭ ነው። ስለዚህ ረጅሙን ዘንግ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች እያስገባ ያወጣል። ጓንት ያጠልቃል፤ ከበርሜል በርሜልም ይለውጠዋል፤ እጁ ላይ ያለ የቆዳ ቅባት ወይም የዓይን መድኃኒት ከላይ ያየነውን 0.15 ማይክሮግራም ለማለፍ አያንስምና። የሰበሰበውን አማስሎ በንጹሕ ዕቃ እኩል ይከፍላል፤ አንዱ ለምርመራ፣ ሌላው ክርክር ቢነሣ ማመሳከሪያ። ያሽጋል፣ ቁጥር ይሰጣል፣ ይፈርማል፣ ያስፈርማል።

ከዚያ ቅጹ ላይ «ማሩ የተቆረጠበት ቦታ» የሚል መስመር ይመጣል። ባለመጋዘኑ የከተማ ስም ይጠራል። ከተማ ማር አይሠራም፤ የሠራው የሆነ ቀበሌ ነው። ነገሩ የሚበጠሰው እዚህ ላይ ነው። ማሩ ከብዙ አናቢዎች በኪሎ በኪሎ ተለቅሞ የገጠር ሰብሳቢው ጀሪካን ውስጥ ገብቷል፣ ከዚያ የከተማው ነጋዴ በርሜል ውስጥ፣ ከዚያ የአቀነባባሪው ማሞቂያ ውስጥ። ቤተ ሙከራው ቅሪት ቢያገኝ ማንን ይጠይቃል? የትኛውን ማሳ? ውጤቱ ትክክል ሆኖ ሳለ የሚደርስበት ሰው ያጣል።

ምርመራው ራሱ ከባድ ጥበብ ነው። ከማር አምስት እጅ አራቱ ስኳር ነው፤ ያንን ውፍረት አልፎ ከቢሊዮን አንዱን መፈለግ ነው ሥራው። አንዳንዱ ቅሪት ይደበቃል፤ ሰልፎናማይድ የሚባሉት መድኃኒቶች ከግሉኮስ ጋር ስለሚጣበቁ መጀመሪያ በአሲድ ካልተላቀቁ መሣሪያው «የለም» ይላል። በፈጣን ማጣሪያ ዘዴ ተጠርጥሮ የተገኘው ደግሞ ማስ ስፔክትሮሜትር በሚባለው ውድ መሣሪያ መረጋገጥ አለበት፤ በማጣሪያው ብቻ መፍረድ ስሕተት ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 ማር ወደ አውሮፓ ኅብረት እንዲያስገቡ ከተፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ገብታለች። ዝርዝሩ ውስጥ ለመቆየት በየዓመቱ የቅሪት ቁጥጥር ዕቅድና ያለፈው ዓመት ውጤት መላክ ያስፈልጋል። የቀድሞው የአውሮፓ ደንብ የናሙናውንም ብዛት ይነግር ነበር፤ ለመጀመሪያው 3 ሺህ ቶን ለየ300 ቶኑ 10 ናሙና፣ ከዚያ በላይ ላለው ለየ300 ቶኑ አንድ። የሥርዓቱ ጥቅም እውነት ነው። ባይኖር ኖሮ ስለ ማራችን ቅሪት ያለን ዕውቀት ከዚህም ያነሰ ይሆን ነበር። ግን የሚያየው መስኮት ጠባብ ነው። ወደ ውጭ ለመላክ ከተሰናዳ መጋዘን የሚወሰድ ናሙና የሚናገረው ስለ ምርጡ ማር ነው።

ጠጁስ?

አገራችን በዓመት የምታመርተው ማር 50 ሺህ ቶን ገደማ ተብሎ ይገመታል፤ ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። ትልቁ ድርሻ ጠጅ ይሆናል። የጠጅ ማር ደግሞ ያልተጣራው ነው፤ ሰፈፉም፣ የአበባ ዱቄቱም፣ አንዳንዴ እጩም አብሮ ይበጠበጣል።

የአውሮፓ ወሰን የተሰላው ማርን ቁርስ ላይ በማንኪያ ለሚቀባ ሰው ነው። ጠጅ ሲጣል ግን አንድ እጅ ማር ለሦስት እስከ አምስት እጅ ውሃ ስለሆነ በአንድ ሊትር ውስጥ ሩብ ኪሎ ገደማ ማር አለ። ሁለት ብርሌ የጠጣ ሰው አውሮፓዊው ለብዙ ቀናት የሚበላውን ማር በአንድ ምሽት ጨርሷል። ላለማጋነን ስሌቱን እስከ መጨረሻው እንውሰደው። ማሩ በኪሎ 10 ማይክሮግራም ኢሚዳክሎፕሪድ የሚባለው ኒዮኒኮቲኖይድ ቢኖረው በግማሽ ሊትር ጠጅ የሚደርሰው 1.25 ማይክሮግራም ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በየቀኑ ያለ ስጋት ሊወሰድ ይችላል ተብሎ የተቀመጠው ደግሞ 3,600 ማይክሮግራም ነው። እዚህ ላይ የሚያሰጋ ነገር የለም። ስለ ጉበት መርዙ፣ ስለ እርሳሱና አስተማማኝ መጠን ስለሌላቸው መድኃኒቶች ግን እንዲህ በእርጋታ መናገር አይቻልም፤ እነርሱ ላይ የሚጠጣው ብዛት ዋጋ አለው። የሌላ ሕዝብ አመጋገብ ላይ የተሰላ ወሰን ለእኛ ብርሌ ልክ መሆኑን መመርመር የእኛ የምግብ ሳይንቲስቶች ሥራ ነው።

አገር ውስጥ ኃላፊነቱ የተከፈለ ነው። የእንስሳት ውጤትና የፀረ ተባይ ጉዳይ የግብርና ባለሥልጣን፣ የታሸገ ምግብ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ጀሪካን ውስጥ ያለው፣ ያልታሸገው፣ መለያ የሌለው ማር በሁለቱ መካከል ይወድቃል፤ ብዙው ማርም እርሱ ነው። ሻንጣ ውስጥ የሚጓዘውም እንዲሁ። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚገባ መንገደኛ ለራሱ ፍጆታ እስከ 2 ኪሎ ማር መያዝ ይችላል፤ እናት ከላስታ ወይም ከቦንጋ አምጥታ ለልጇ ፍራንክፈርት የምትልከው ማር አጠገቡ ባለው ሱፐርማርኬት ያለው የኢትዮጵያ ማር ያለፈበትን አንዱንም ፈተና አላለፈም። የሰጪዋን ፍቅር ማንም አይጠራጠርም፤ የጀሪካኑን ታሪክ ግን እርሷም አታውቀውም።

ስኳሩና ቅሪቱ እንደ ሁለት ጉዳይ ቢታዩም ሥራቸው አንድ ቦታ ይገናኛል። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ባደረገው ምርመራ ከውጭ ከገቡ 320 የማር ጭነቶች 46 በመቶው በሽሮፕ መበረዝ ተጠርጥረዋል። የተበረዘ ማር የመጣበት ቦታ ይደበቃል፤ ቦታው የተደበቀ ማር ደግሞ ለቅሪት ሊጠየቅ አይችልም። አሜሪካ ከባድ የፀረ ዳምፒንግ ቀረጥ የጣለችበት የቻይና ማር በሦስተኛ አገር ስም ወደ አገሪቱ መግባቱና ነጋዴዎች ፍርድ ቤት መቅረባቸው ይህንኑ ነው ያሳየው። ከጁን 2026 ጀምሮ አውሮፓ ውስጥ የሚሸጥ ድብልቅ ማር የእያንዳንዱን አገር ስምና ድርሻ በመቶኛ መለያው ላይ እንዲጽፍ ሕጉ ያስገድዳል። ያለዚህ ሕግ «ከኅብረቱ ውጭ የመጣ» በሚል ስም ተሸፍኖ የሚያልፍ የኢትዮጵያ ማር በስሙ ይጠራል ማለት ነው፤ ለጥሩውም ለመጥፎውም።

ለአገር ውስጥ ቁጥጥር «አቅም የለም» የሚለው መልስ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው። መሣሪያው ውድ መሆኑ፣ ጋዙና ማመሳከሪያ ኬሚካሉ በውጭ ምንዛሪ መገዛቱ፣ መብራት ሲጠፋ ሥራው መቋረጡ እውነት ነው። ቁጥሩን ግን እንየው። ያንን የአውሮፓ የናሙና ቀመር ለሁሉም 50 ሺህ ቶን ብንጠቀም በዓመት የሚያስፈልገው 260 ናሙና ገደማ ነው። ሁሉንም በአንድ ዓመት መጀመርም አያስፈልግም። ርጭቱ ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ዋናው ቆረጣ ጥቅምትና ኅዳር ነው፤ ስንዴና ጤፍ በብዛት ከሚረጭባቸው ጥቂት ወረዳዎችና ከደቡብ ምዕራቡ ጫካ ለማነጻጸሪያ በዚያ ወቅት፣ ከሰብሳቢው ሳይሆን ከቀፎው አጠገብ ናሙና ቢወሰድ፣ የአናቢው ቀበሌና የጎረቤቱ ርጭት ተመዝግቦ ቢያያዝ፣ ውጤቱም ለአናቢው ቢነገር፣ የጫካውና የማሳው ማር በምን እንደሚለያዩ በሁለት ቆረጣ ውስጥ በቁጥር ይታወቃል።